ሁለት አረንጓዴ

ነሐሴ ነው፣ ማታ፤ ዝናቡ አባርቷል፤
የቱሉ ዲምቱ ጭቃ ደጃፌን ውጦታል።
እግሬን ታጥቤ፣ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ
አውሮፕላን እሰማለሁ፤ ጡረታ ነው ሥራዬ።
ሰው በመልክ ይለያል፤ እኔ በጉሮሮ፦
የትኛው ቀሎት መጣ፣ የትኛው አምርሮ።

የምሽቱ ሲመጣ በየረር ትከሻ
እግሩን ሲዘረጋ ሰማሁት፤ «ጓ» አለ፤
ከዚያ ወዲያ መውረድ ነው፣ እስከ መጨረሻ።

አልወረደም ግን።
ሞተሩ አጓራና ሽቅብ ተመለሰ፤
የጣራዬ ቆርቆሮ ጥርሱን ነከሰ።

ማንም ቀና አላለም።
ወርቅአፈራሁ በሱቋ ዘይት ትሰፍራለች፤
ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ኳስ ትነጥራለች።
እኔ ብቻ ቆምኩኝ፣ ጣቴን ቆጠርኩና፦
ሁለት አረንጓዴ። ሦስተኛዋ ገና።

ምናልባት እግሩ ነው፤ የአፍንጫው ጎማ
መንገድ ላይ ተጣብቆ፣ ተንጠልጥሎ በጨለማ፤
ምናልባት አምፖሏ፣ ምስር የምታህል፣
ተቃጥላ ይሆናል፤ ማን ደፍሮ «ነው» ይበል?

ላይ ቤት ምን እንደሚሠሩ አውቃለሁ። አይጮኹም።
አንደኛው ያበርራል፣ ከዚያ ሌላ አይነካም፤
ሌላዋ ታነባለች፣ መስመር አትዘልም፦
«ማንሻው?» «ታች።» «ግፊቱ?» «ልክ።» «መብራቱ?» «አይበራም።»
እንደገና ከላይ።
ነዳጅ ይቃጠላል። አቃቂን ይዞራሉ።
ከኋላ፣ መስኮት ዳር፣ አንዲት እናት ለልጇ
«ያውልህ ቤታችን» ትላለች፣
ለሦስተኛ ጊዜ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሃንጋሩ ወለል ላይ
ስሜን ፈርሜያለሁ ለማላውቀው ሰማይ።
እንዳሻው ባልቻ፤ ቀን፤ ሰዓት፤ «ተፈትሿል»።
ሌሊት ግን እጄ ይነቃል፦ «ያን ብሎን አጥብቀሃል?»
ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ፤
ፊርማዬ አልወጣም።

በአራተኛው ዙር ዝቅ ብሎ አለፈ፣
ሆዱን ለማማው ገልጦ፣ ሐኪም ፊት እንደ ቆመ ሰው።
በነፋሱ ውስጥ ያችን የፊት እግር ፈለግኋት በጆሮዬ፣
አየር ሲቀደድባት የምታወጣውን ሻካራ ድምፅ፤
አለች። መሰለኝ። አለች።
«ውረዱ» አልኩ፣ ማን ሊሰማኝ፣
«ውረዱ ልጆቼ።»

ከዚያ ከገላን እስከ ቦሌ ዝምታ።
ውሻ እንኳ አልጮኸ።
ወርቅአፈራሁ መዝጊያዋን ስትስብ
ፍንዳታ መስሎኝ ግድግዳ ያዝኩ።

ስልኬ ጠራ፤ ሶሬቲ ናት፣ ያስተማርኳት፣ የዛሬ አለቃ፦
«ጋሼ፣ ሰምተውታል አይደል? እግሩ ደህና ነው። አምፖሏ ናት በቃ።»
«አምፖል» አልኩ።
«አምፖል» አለች።
ሳቅን፣ ዘጋን።
ጉልበቴ ግን አልሳቀም።

ትርንጎ ከወር በፊት ቀይር ያለችኝ የበር መብራት አለ፤
«ሰማይ የጠገነ ሰው ደጁን አቃተው» እያለች።
በርጩማ ይዤ ወጣሁ። በጨለማ ፈታሁት።
ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ነቀነቅሁት፦
ቅጭል፣
ቅጭል፣
ቀጭኗ ክር፣ ተበጥሳ፣
መስታወቷን ስታንኳኳ።