የመረብ ዓይን

ሰባተኛው ብልቃጥ የይማም ሽንት ነው፣
ንጋት ላይ ከማዶ በታንኳ ያመጣው።
እግሩ አብጧል፤ ዐይኑ ሥር ውሃ ቋጥሯል።
«አረፋ ይሠራል» ሲል ድምፁን አጥፍቷል፣
በሰው ፊት የማይባል ነገር ሆኖበት።

ጋሽ አትርሳው ድሮ፣ ሥራ ያስለመደኝ፣
ሽንት በኩራዝ ነበር አፍልቶ ያሳየኝ።
እንደ እንቁላል ነጩ ከረጋ፣ ከነጣ፣
እርሳሱን ያነሣል፣ መስቀል ሊያወጣ፦
አንድ መስቀል፣ ትንሽ። ሁለት፣ ይደር ነገሩ።
ሦስት መስቀል ካለ፣ ከባድ ነው ችግሩ፤
አራተኛው ሲሞላ፣ ቤተ ዘመድ ጥሩ።
ከዚያ ወረቀት መጣ፣ መልኩን የሚቀይር፣
«አለ» ከማለት በቀር ሌላ የማይናገር።

ዛሬ ጄል አለኝ። ጄል ማለት ደንገል ነው፣
በሁለት መስታወት መሀል የበቀለው።
ጥቃቅኑ ሾልኮ በሥሩ ያልፋል፣
ትልልቁ ገላውን እያሻሸ ይዘገያል።
ኤሌክትሪክ ነፋሱ፣ ከአሉታ ወደ አዎንታ፣
ሁሉን ይነዳዋል፣ ቀስ አድርጎ፣ ማታ።

መብራት ሄደ።
ቀጭኑ መስመር ቆሞ መበተን ጀመረ፤
ወንድማገኝ ናፍጣ ፍለጋ በረረ፤
እኔ በጨለማ ሳጥኑን ይዤ ቀረሁ፣
እንደ ታመመ ልጅ እየዳበስሁ።

ሲነጋ ቀለሙን አጥቤ አየሁት፦
ሰባተኛው መንገድ፣ ስልሳ ስድስት ሺህ ላይ፣
ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ጣት ያረፈበት የሚመስል።
አልቡሚን። ከደሙ መውጣት ያልነበረበት።
አዲሱ ማሽንም ቁጥሩን ቆርጦ ሰጠ፦
አራት ነጥብ ሰባ ሁለት ግራም በሊትር።
ጋሽ አትርሳው ቢያይ ስንት መስቀል ይለው ነበር?

ይማም ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል።
«ኩላሊት ወንፊት ነው» ብዬ ስጀምርለት
አቋረጠኝ። «ወንፊት የሴት ነው። መረብ በይው።
ውሃው ይሂድ፣ ቀረሶው ይቅር ነው ሥራው።
እንግዲህ መረቤ ተቀዷል በይኛ!
ዓይኑን ስንት አገኘሽው? ያንድ ጣት? የሁለት?»

ቁጥሬን አየሁት። በጣት ልመነዝረው ሞከርሁ።
እምቢ አለኝ።

«መረብ» አለ፣ በመስኮቱ ሐይቁን እያየ፣
«የሚሰፋው ደረቅ ላይ ነው፣ ከውሃ እንደተለየ።
ይኼ ሳይወጣ፣ እየሠራ፣ በምን ጣት ይሰፋል?»

ሐኪሟ መድኃኒት ትጽፍለታለች።
እኔ የምለካ ነኝ።
ባዶ ብልቃጥ ሰጠሁት፣ ለሰኞ፣ ስሙን ለጥፌ፤
በብብቱ ሸጉጦት፣ በነጠላ ጫማው እያነከሰ፣
ወደ ደንገሉ ወረደ።