ኮፈን

ቀን ቀን ከቦርከና ማዶ ባለች ጋራዥ
የመኪና ጉንጭ እቀባለሁ።
ስቱኮ እሞላለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣
ሐረጎ የፈነከተውን ግንባር
ሐረጎን እንዳላየ አድርጌ እመልሳለሁ።
«ሙሄ የቀባውን የወለደች እናቱም አትለየው»
ይላሉ የኮምቦልቻ ሾፌሮች።
ሙገሳ ነው። ያኔ ሙገሳ ነበር።

ሌሊት ሌላ ጋራዥ አለኝ፤
የሰዓዳ የስፌት ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ የጥፍር መቁረጫ።
ኑርዬ፣ የተሳቢው ረዳት፣ ከጅቡቲ ባመጣው ካርቶን ውስጥ
አንዲት ዶጅ ተበታትና ተኝታለች፤
እንደ ዓሣ አጥንት ከዘንግ ላይ የተሰደረ ፕላስቲክ፣
መቶ ሠላሳ አራት ቁራጭ።
«ጡንቸኛ ናት፣» አለኝ፣ «የአሜሪካን አስፋልት ያንቀጠቀጠች!»
በመዳፌ መዘንኳት።
ከእንቁላል ትቀላለች።

ሰዓዳ ሳቀች፦ «ስንት ሊትር ትጠጣለች?»
«ያንቺን የጥፍር ቀለም፣» አልኳት፣ «ሁለት ብልቃጥ።»
ቀዩን ሰርቄ በአሴቶን አቀጠንኩት፤
ለእህቷ ለዘምዘም ሠርግ ያስቀመጠችው ነበር።
ሦስት ቀን አኮረፈች።
በአራተኛው ራሷ መጥታ የሽንጧን ነጭ መስመር
በኩል ብሩሽ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ሳበችው።
የኔ እጅ ለዚያ ወፍራም ነው።

የፊት መስተዋቷ ከሃይላንድ ጠርሙስ ተቆረጠ፣
አንቴናዋ ከመጥረጊያ የተነቀለ ስንጥር፣
ስምንቱ የካንዴላ ሽቦ ከድሮ ስልክ ገመድ ተመዘዘ።
ኮፈኗ ሲዘጋ ያ ሁሉ ይቀበራል፤
ማንም አያየውም።
ግን እኔ እንዳለ አውቃለሁ።

ሐምሌ ላይ፣ ጉሙ ከደሴ ወርዶ ሐረጎን በዋጠበት ሌሊት
ይርጋ በፒካፑ መጥቶ የጋራዡን በር ደበደበ።
«በግ ነው» አለ። አልጠየቅኩትም።
«ሳይነጋ ድረስልኝ» አለ። እጥፍ ከፈለ።
ኮፈኑ መሃል ሰሃን የሚያህል ጎድጓዳ፤
በግራ መብራቱ ስንጥቅ ውስጥ
አረንጓዴ ክር፣ ከነጠላ ጥለት የተመዘዘ የሚመስል።
በግ ጥለት አይለብስም።

ቀጠቀጥኩ። ሞላሁ። አሸሁ። ረጨሁ።
ሲነጋ መኪናው የሕፃን ጉንጭ መሰለ።
የወለደች እናቱም አትለየው።

ኮፈንና ከፈን፤
ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት።
እኔ አንዱን ሳቃና
ሌላው ለማን ተቆርጦ እንደሁ አልጠየቅኩም።
ጁምዓ፣ መስጊዱ በር ላይ የሟች ስም ሲጠራ
ጫማው እንደጠፋበት ሰው አጎነበስኩ።

ክሩን ግን አልጣልኩትም።

ዶጇ አልቃ መደርደሪያው ላይ ስታብረቀርቅ
መርፌ በሻማ አጋልኩ፤
ኮፈኗ መሃል ምስር የምታህል ጎድጓዳ ወጋሁ፣
የግራ መብራቷን ሰነጠቅኩ፣
ክሩን በቅንድብ መንቀያ አስገባሁ።
«ምነው ሙሄ!» ጮኸች ሰዓዳ፣ «ያን ሁሉ ለፍተህ!»
ምን ልበላት?
ቀን ጠባሳ የሚያጠፋ እጅ
ሌሊት አንዷን እንኳ መጻፍ አማረው ልበላት?
«መንገድ ያየች መኪና እንዲህ ናት» አልኳት።
ወስጄ ጋራዡ መስኮት ላይ አቆምኳት።

ጥቅምት ላይ ይርጋ ዘይት ሊያስቀይር መጣ።
አነሳት፣ አገላበጣት፣ ጎማዋን በጣቱ አሽከረከረ፤
«ለልጄ ሽጥልኝ» አለ፣ ኪሱን እየዳበሰ።
ከዚያ አውራ ጣቱ ኮፈኗ ላይ ደረሰ።
ጎድጓዳዋን ሞላት፣ ልክ እንደ ስቱኮ፣
እዚያው ቆየ።
ጓሮ ያለው ኮምፕሬሰር ሞልቶ ዝም አለ።
«ይቺን... አትጠግናትም?»
«አይ፣» አልኩት፣ «ይቺ የኔ ናት።
ይቺ አትቀባም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጣት፤
ዘይቱን ሳያስቀይር ወጣ።

መልሼ ወደ መንገዱ አዞርኳት።
ፀሐይ ክሩን ትንሽ አንጥታዋለች።
የሚያውቀው ሰው ካለ፣
በሩ ክፍት ነው።