ሁለት ካርቶን

ኖንሳን ላይ፣ በጥር፣ ፀጉራችን ወደቀ፤
ያንተ የኔ ሳይባል መጥረጊያ ሥር ገብቶ ተደባለቀ።
መላጫው ሲያጉረመርም ከጆሮዬ ኋላ
ስሜም አብሮ ተላጨ። «ሰባ ሰባት» ተባልኩ፤ ከጎኔ ያለው ሌላ፣
ከንፈሩ የተላጠ፣ ትከሻው ጠባብ ልጅ፣
«ሰባ ስምንት» ሆነ።

«ሰባ ሰባት!»
«አቤት!»
«አልሰማሁም!»
«አቤት!»
ባለ ቀይ ቆቡ አሠልጣኝ ደንቆሮ አይደለም፤
እዚህ ግቢ ግን ማንም ሰምቶ «ሰማሁ» አይልም።
ጮኸን ጮኸን ድምፃችን እንደ አሮጌ በር ሲሰነጠቅ
ሰማዩ በረዶውን ያራግፋል፣ ምንም ሳይጨነቅ።

በሦስተኛው ቀን ለያንዳንዳችን ካርቶን ታደለ፤
የመጣንበት ልብስ፣ ጫማው ጭምር፣ ወደ ቤት ይላክ ተባለ።
ሱሪዬን አጠፍኩት። ጉልበቱ ጉልበቴን ገና አልረሳም፤
ሹራቤን ደብቄ አሸተትኩት፤ ሳሙና፣ ባሕር፣ ዓሣም።
እናቴ ቶንግዮንግ ወደብ ላይ ዛጎል ትፈለፍላለች፤
ክፍያዋ በኪሎ ነው፣ ወቅቱ ጥር ነው፤ አልሸኘችኝም፣ ዋለች
እዚያው፣ ከቢላዋዋ ጋር። ንጋት ላይ ከበሩ
«ጓንትህን እንዳትረሳ» አለችኝ።
ረሳሁት።

ሰባ ስምንት አጥፎ ጨረሰ፣ በቴፕ አሸገ፣ እስኪርቢቶ አነሳ፤
ከዚያ እጁ ቆመ አድራሻው መስመር ላይ፣ ፊደል እንደረሳ።
ቀይ ቆቡ መጣ። «ምን ትጠብቃለህ?»
«የምልክበት የለም።»
«አልሰማሁም!»
«ያደግኩበት ማሳደጊያ አምና ተዘጋ! የምልክበት የለም!»
አዳራሹ ጭር አለ። አንድ ቴፕ ተንከባለለ ከጠረጴዛ በታች።
አሠልጣኙ ቆቡን ነካ አደረገ። «ሰማሁ» አለ፤
ድምፁ ለካ ቀጭን ነበረች።

ካርቶኑን ወደ እኔ ሳብኩት። የእናቴን ስም ጻፍኩ፣ የመንገዱን ቁጥር፤
እሱም አላመሰገነ፣ እኔም አልጠበቅኩ፤ ተሰለፍን ለቁጥር።

ከዚያ ጭቃ። በክርን መሳብ። በረዶ በአካፋ መዛቅ፤
ዝቀን ስንጨርስ እንደገና ይወርዳል፣ የሰማይ ሣቅ።
ከዚያ የጋዙ ክፍል፤ «ጭንብል አውልቅ!» ሲባል
ሳንባ ይገለበጣል፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ሁሉም ይፈሳል።
እዚያ ዕንባ በትእዛዝ ነው፤ ማንም ማንንም አይታዘብ።
ስንቱ የራሱን ለቅሶ ቀላቅሎ እንዳወጣ እንጃ፤
እኔ፣ አልዋሽም፣ ስለ ጓንቱ ነበር ያለቀስኩት።

ሌሊት፣ የዘብ ተራ። ጨረቃ የለችም። ጣቴ የኔ አይደለም።
«እናትህ» አለኝ ሹክ ብሎ፣ «ካርቶኔን አትከፍተውም አይደል?
የግራ እግር ካልሲዬ ተረከዙ ቀዳዳ ነው።»
ጠመንጃ የታጠቀ ሰው ለካልሲ ሲፈራ
ምን ይባላል? ሣቄን ዋጥኩ። ደረሰ የሌሎቹ ተራ።

በአራተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ፣ ፊደሏ እንደ ወትሮው አዘንብሎ፦
«ሁለት ካርቶን ደረሰኝ። አንዱ ያንተ ነው፤ ጓንትህ እዚህ ቀርቷል።
የሌላውን አጠብኩት። ካልሲውን ሰፋሁት፤ ስፌቴ ያስታውቃል።
ጫማው ጠቦታል መሰል፣ ተረከዙን ረግጦት ኖሯል።
ስሙን ጻፍልኝ።»

ፒዮ ሙጂን፣ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን እንደምጨምር አጣሁ።

የምረቃው ዕለት ሜዳው በወላጅ ሞላ።
ሁላችን አንድ ቡትስ፣ አንድ ራስ፣ አንድ ቀለም፤
እናቴ በሰልፉ ፊት ሁለቴ አለፈች፣ አልለየችኝም።
ከዚያ ቆመች፣ ዛጎል በሸረከተው እጇ
ሁለት ጥንድ ጓንት ይዛ፣
«ሙጂን!» ብላ ተጣራች።

አምስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ስም የጠራው የለም።
«አቤት!» አለ፣ እንደተማረው፣ ከሆዱ፣ በሙሉ ጉሮሮው፤
የጣሪያው እርግቦች ብድግ አሉ።

እናቴ ጆሮዋን ይዛ ሣቀች።
«ቀስ፣ ልጄ፣» አለች፣ «አልደነቆርኩም እኮ።»