የተቆጠሩ ሳንቃዎች

ከልዳ በማለዳ ባቡር፣ መሮዬን በጆንያ ይዤ፣
ያፎ ወረድሁ፣ ከእንቅልፌ ገና ግማሹን ፈዝዤ፤
በድንጋይ ሰፈር መሐል፣ ድንጋይ ድንጋይን ሲደግፍ፣
አንድ የእንጨት ቤት ቆሟል፣ እንደ እንግዳ ከደጃፍ።

ግራው ለቀኙ መልክ ነው፣ ቀኙም ለግራው መስታወት፤
በሩ መሐል፣ ሁለት መስኮት ወዲህ፣ ወዲያም ሁለት መስኮት፤
ከበሩ ራስ ላይ ደግሞ፣ ልትጠልቅ እንዳለች ጀንበር፣
በእንጨት ጨረር የተከፈለ ግማሽ ክብ ብርጭቆ ነበር።
ነበር፤ አሁን ሦስቱ ጨረር በነቀዝ ተበልቶ፣
ቀሪው በካርቶን ተደፍኖ፣ በቴፕ ግራና ቀኝ ተዘግቶ።

አለቃዬ ኦርና ንድፏን በርሜል ላይ ዘርግታ፣
«ጆርጅ በሚባሉ ነገሥታት ስም ነው የሚጠራው» አለችኝ፣ ጣሪያውን አይታ፤
እኔስ የመሰለኝ ጊዮርጊስ፣ ዘንዶ ገዳዩ ፈረሰኛ፣
በወገራ ጎረቤት የሚምልበት፣ ሲጣላ ከእኛ።
መቃብሩ ልዳ ነው ይላሉ፣ ከቤቴ ሁለት ፌርማታ፤
ሳቅሁ ብቻዬን፤ እሷ ስለ ማዕዘኑ ቀጠለች በእርጋታ።

በመርከብ ነው የመጣው፤ ሙሉ ቤት ተፈታቶ፣
ጥድ በጥድ ላይ ተከምሮ፣ ቁጥር በጎኑ ተመትቶ።
ድሮም ይህ ወደብ እንጨት ይቀበላል፤ የሊባኖስ ዝግባ ተንሳፎ፣
ለመቅደሱ የወጣው እዚህ ነው፤ ያኔ ኢዮጴ፣ ዛሬ ያፎ።
መሲሕ ይመጣል ያሉ ሰዎች፣ ቀድመው ሊጠብቁት፣
ቤታቸውን ተሸክመው መጡ፤ መቃብሩን ግን እዚሁ ቆፈሩት።
ትኩሳት በላቸው። ማገሩ ቆሞ፣ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ፣
በዚያው በሰፊው በር ወጣ፣ ትንሽ ሣጥን በነጭ ጨርቅ።

የቀሩት ተበተኑ። ጀርመን ዳቦ ጋጋሪ ገባ፤
ከሱ በኋላ አቡ ነጅላ፣ ጓሮውን ሞላው በብርቱካን አበባ፤
በአንድ ሌሊት በባሕር ሄዱ፤ ቁልፉን ይዘው ይሆናል፤
የበሩ ቀዳዳ እስከ ዛሬ ከኛ ቁልፍ ይሰፋል።
ቀጥሎ ከቡልጋሪያ ሦስት ቤተሰብ፣ በመጋረጃ ተከፋፍለው፤
ሶልታና ደረጃው ሥር ምድጃ ተክላ፣ ጥላሸቱ እንዳለ ነው።

የሰሜኑን ግድግዳ ስፈታ፣ ከአምስት ንጣፍ ቀለም ሥር፣
በመሮ የተጫረ አገኘሁ፣ የአናጢው የራሱ ቁጥር፤
ዐሥራ ሰባት ከዐሥራ ስምንት፣ ዐሥራ ስምንት ከዐሥራ ዘጠኝ፣
እያንዳንዱ ሳንቃ ጎረቤቱን ጠርቶ፣ «ከጎንህ አስጠጋኝ»።

እጄ ቆመ።
እኛም ያን ሌሊት፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን፣ ሰው በሰው ላይ ተረፍርፎ፣
በየግንባራችን ቁጥር ተለጥፎ።
የእናቴ መቶ አርባ አንድ፤ የኔ መቶ አርባ ሁለት ነበር፤
መቶ አርባ ሦስት ማን ነበረ? ማንስ አስጠጋው ከኔ ዳር?

የጎንደርን ግንብ ያቆሙት፣ አባቴ ይል ነበር፣ የኛ እጆች፤
አሠርተው ሲያበቁ ርስት ነሥተው፣ በስማችን አስፈራሩ ልጆች፤
ቤት መሥራት አሳምሮ ያውቃል፣ ባለቤት ያልሆነ እጅ፣
ጠርቦ ሲጨርስ፣ ገጥሞ ሲጨርስ፣ የሚሰናበት ከደጅ።
ይህንንም የገዛው ሰውዬ፣ መልኩ ከቶ አይታይም፤
ኦርና በስልክ ታወራዋለች፤ ድምፁን እንኳ አላውቅም።

ዐሥራ ስምንተኛው በስብሷል፤ ጣቴ ሰመጠ እንደ ሊጥ፤
ፈንቅዬ ባወጣው ቀፎ ነው፣ ውስጡን ጨርሶት ምስጥ።
አዲስ ጥድ ላግሁ፣ ከፊንላንድ የመጣ፣ ሽታው የሚያስነጥስ፣
በጀርባው ጫርሁበት፣ ፲፰ ብዬ፣ በግዕዝ፤ ያንብበው የሚያፈርስ።

ኦርና መጥታ «ይህ ምንድን ነው?» አለች፣ በባትሪ አብርታ፤
«ጎረቤቶቹ የሚጠሩት ስም» አልኋት። ዝም አለች ጥቂት ቆይታ፤
ከዚያ «ሐሙስ ቀለም ቀቢው ይመጣል» ብላ፣ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ጀመር፤
በካርቶኑ ስንጥቅ ታየችኝ፣ ባሕሩ ላይ የቀላች ጀንበር።

መሮዬን በጆንያ ጠቀለልሁ።
የነገው ዐሥራ ዘጠኝ ነው፤ ገና አልነካሁትም።