ሽንኩርት ያልፋል

ከሊንደን ስነሣ፣ ሽንኩርት ጭኜ ሌሊት፣
መንገዱ ባዶ ነው፣ ይበራል ለማንም የትራፊክ መብራት።
በኪሴ ደብዳቤ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
«ይህ ሰው አስፈላጊ ነው» የሚል ቃል ያለበት።
ባለቤቴ ፀዳለ አንብባው ሣቀች፣
«በአሥራ አምስት ዓመት ትዳር እኔ ያላየሁትን መንግሥት አየልህ» አለች፤
እራቴን ግን ጋራዡ ደፍ ላይ አኑራ ሸሸች።

ኬላው ላይ ጠባቂው፣ ጭንብሉን አጥብቆ፣
ወረቀቴን ያዘው በሁለት ጣቱ ጫፍ፣ ከሩቅ ተጠንቅቆ።
«ምን ጭነሃል?» ይላል።
«ሽንኩርት።»
«እለፍ» ይላል።
ሽንኩርት ያልፋል።
የሽንት ቤት ወረቀት ያልፋል፤ የውሻ ምግብ ያልፋል።
ሰው ይቆማል።

ከኬላው ወዲያ ነው፣ ዜሮ የሚሉት ጎዳና፤
አጥርም ግንብም የለው፣ ፍየል የምትዘላት አንዲት ቦይ ናትና።
ወዲህ ማዶ አሜሪካ፣ ወዲያ ማዶ ካናዳ፣
ሣሩ አንድ፣ ጭቃው አንድ፤ ዝናቡ አያውቅ ዘመድ፣ አያውቅ ባዳ።
አንዱ መንግሥት «ስድስት ጫማ ተራራቁ» አለ፣
ሌላው «ሁለት ሜትር» ብሎ በየሱቁ ወለል ምልክት ተከለ።
አንድ ቀን ወረፋ ስጠብቅ ለካሁት፣ በጭነት ገመዴ፦
ልዩነቱ ስንዝር አይሞላም፤ ለዚህች ነው ወይ ይህ ሁሉ የሁለት አገር ዘዴ?

በእኔ ሰፈር፣ በሰሪ፣ ልደት ያከበረውን ጎረቤቱ ደውሎ አስቀጣ፤
ከዚያ ወዲህ አንዱ በረዶ ሊጠርግ ሲወጣ፣
ሌላው ከቤቱ አልወጣ።

ሽማግሌው ዌንደል በየእሑዱ ይመጣል፣
ታጣፊ ወንበሩን ቦዩ አፍ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል።
ከማዶ ልጁ ኮሊን፣ ሕፃኗን ጠቅልላ፣
ታሳየዋለች ፎጣውን እንደ በቆሎ ልጣ፣ ደግማ ከልላ።
«አፍንጫው የኔ ነው!» ሲል ከወንበሩ ተነሥቶ፣
የድንበር ፖሊስ መኪና ቀስ ብሎ ያልፋል፣ መስኮቱን ዘግቶ።

አንድ ጠዋት ነዳጅ ስቀዳ ጠራኝ።
«አንተ ታልፋለህ» አለኝ፤ ስድብ ይመስል ነበር።
በወረቀት ከረጢት ትንሽ የሱፍ ኮፍያ ሰጠኝ፣
ሚስቱ ሳትሞት የጀመረችው፣
እሱ በማያውቅ ጣት የጨረሰው፤
ግማሹ ቀጥ ያለ፣ ግማሹ የተንጋደደ።
ኬላ ደረስኩ። «ምን ጭነሃል?»
«ሽንኩርት» አልኩ።
ዓይኔ ለምን እንደቀላ ሰውየው አልጠየቀም፤
ሽንኩርት የጫነ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ክትባት መጣ። በነሐሴ ካናዳ በሯን ከፈተች፣ ለተከተበ።
በቦዩ ሳልፍ ዌንደል ያው ወንበሩ ላይ ነው።
«ምነው፣ አልተሻገርክም?»
«ክንዴን ለማንም መንግሥት አልሰጥም።»
ኮሊን ከማዶ ሰማች።
ልጁ ቆሞ መሄድ ጀምሯል፣ ኮፍያው ጠቦታል፤
እጁን ይዛ፣ ምንም ሳትል፣ ጀርባዋን ሰጠች።
በቦዩ ውስጥ የነበረው ውሃ ያው ነበር፤ አልጨመረም።

በጥር ባልደረቦቼ ባንዲራ ሰቅለው፣
ወደ ኦታዋ ነጎዱ፣ ጡሩምባ እየነፉ፣ «ና» ብለው።
ፀዳለ ከሳሎን፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ «ትሄዳለህ?» አለችኝ።
«ሽንኩርቱ ይበሰብሳል» አልኩ።
መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም አወቅን፤
እሷም አልደገመች፣ እኔም አልጨመርኩ።

«ሁሉም ያልፋል» ይላል የኛ ሰው ሲያጽናና፤
እኔ ሹፌር ነኝ፣
የሚያልፈውን በጆንያ ቆጥሬ ፈርሜ ተረክቤአለሁና
የማያልፈውን አውቃለሁ።

ዛሬ ኬላው ክፍት ነው፤ ትኩሳቴን የሚለካ የለም።
ወንበሩ ግን አለ፣
አንድ እግሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ወደ ቦዩ ዘምሟል።
ከማዶ አንድ ልጅ ጠጠር ይወረውራል፤
ውሃውን ይሁን ወንበሩን የሚያልመው፣ ለየቼ ሳላውቅ
ከኋላዬ ጡሩምባ ተነፋ፤
ማርሽ አስገባሁ።