አግድምና ቁልቁል

ወረቀቱ አንድ ነው፣ ጽሑፉ ግን ሁለት፤
አግድም የእሱ ቃል፣ ቁልቁል የእሷ ጽሕፈት።
ፖስታ ቤት ሲያስከፍል በሉክ ብዛት ቆጥሮ፣
ድሃ ፍቅር ጻፈ ቃል በቃል ላይ አጥሮ።
አጉሊ መነጽር ከመሳቢያ አውጥቼ፣
አነባቸዋለሁ መስኮቱን ከፍቼ፤
የአያቴን ወላጆች፣ አሳሄልን ከቲርጻ፣
ፎቶ ያልደረሰባቸው፣ ከሥዕልም ነጻ።

መጀመሪያ ግን ድንጋዩ።

ቨርሞንት ኮረብታ፣ በግ በሞላው መስክ፣
አንድ የወሰን ድንጋይ ነበር የዳቦ ልክ፤
ሆልብሩክ በደቡብ፣ ፔንሃሎ በሰሜን፣
በአንድ ጣሪያ ጸልየው አይጋሩም አሜን።
አያት ፔንሃሎ ነው፣ ከኮርንዋል የመጣው፣
የቆርቆሮ ጉድጓድ ሳንባውን የበላው፣
በአንድ ጨለማ ሌሊት ድንጋዩን የገፋው።
ሦስት ክንድ ነው አሉ፤ አራትም ያሉ አሉ፤
ለዚያች ጭንጫ ጠበቆች ሁለት መንጋ በሉ።
የቲርጻ አባት ደግሞ ቃል የሚቆጥብ ሰው፤
ልጁን የሚጠራት ጉሮሮ ጠርጎ ነው።

በመጋቢት ብርድ፣ ሜፕል ዛፉ ሲያነባ፣
መንደሩ ስኳር ሊያፈላ ጫካውን ሲገባ፣
የጋለ ድስት ጨብጦ የአሳሄል ቆዳ ሄደ፤
ቲርጻ የያዘችለት በረዶ ቀልጦ ወረደ።
ስም አልተጠያየቁም። ስምማ ያውቃሉ፤
በስማቸው አይደል ወይ ጠበቆች የበሉ?

በዓመቱ ኢሊኖይ ገባ። እንዲህ ሲል ጻፈላት፦
«አፈሩ ጥቁር ነው፣ ማረሻ አይሰናከልም፤
ቀን ሙሉ ብሄድበት አንድ ድንጋይ የለም።
ወሰንም የለም እንግዲህ። ሰውም የለም፣ ቲርጻ።
ሌሊት በቆሎው ሲንሿሿ
ሰው መጣ ብዬ እወጣለሁ።
ብቻዬን ነኝ። ትመጪ ይሆን?»

አባት ፖስታ ቤት ቆሞ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣
«ለፔንሃሎ ቃል ሳንቲም አልከፍልም» አለ።
እሷ የገዛ ትራሷን ቀድዳ
የዝይ ላባውን ሸጠች፤ ሃያ አምስት ሳንቲም።
ያን የበረዶ ወራት ባዶ ጨርቅ ተንተርሳ ተኛች።

መልሱን በዚያው ሉክ ላይ፣ ወረቀቱን አዙራ፣
ቁልቁል ጻፈችለት፣ ብዙ ነገር አውርታ፦
ስለ አክስቷ ሳል፣ ስለ ወፍጮው ጥርስ፣
ስለ ዶሮ በሽታ፣ ስለ አዲስ ቀሚስ።
መልሷ ግን የታለ? ሦስት ሳምንት ፈለገ፤
ፋኖስ አስጠጋ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፣
በፀሐይ፣ በጭስ፣ በጣቱ ዳሰሰ።
«እሺ» ተጽፏል። በገዛ ቃሉ ላይ፣
«ብቻዬን» ባለበት፣ መስቀለኛ አልፎበት።
ሰም ነው ብሎ ያለፈው፣ ወርቁ እዚያ ነበረ።

ሚያዝያ ላይ ሊነጋጋ ሣጥኗን ስታስጭን፣
ሠረገላ ነጂው ወገቡን ይዞ፣
«ሴትዮ፣ ድንጋይ ነው የጫንሽው?» አላት።
«አዎ» አለችው።

በማግስቱ ቀያሽ መጣ፤ ከየት ይለካ?
ሆልብሩክ በቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ
የልጁን ስም ደለዘ፤ ቀለሙ ግን ቀጭን ነበር፣
ይነበባል አሉ እስከ ዛሬ።

ድንጋዩ እዚህ አለ፤ በአንድ ጎኑ የእሷ ቤት፣
በሌላው የእሱ ቤት ፊደል ተቀርጾበት።
አያቴ ጎመን ስታቦካ በርሜል ላይ ትጭነው ነበር፤
እኛ ልጆች ለውዝ ሰብረንበታል።
ዛሬ ንፋስ አለ። ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል።
በሩ እንዳይዘጋብኝ ድንጋዩን
በእግሬ ገፋ አደረግሁት፤
ሦስት ክንድ ቢሆን ነው።