ሽታ የሌለው ውሃ

ሐምሌ ሲጋመስ፣ አንገረብ ደፍርሶ፣
የማሳውን አፈር በጉያው አግበስብሶ፣
አተላ መስሎ መጣ፣ ከገንዳችን ደርሶ።

አስረስ መጋዘኑን ከፍቶ አሳየኝ፦
ሦስት ጆንያ አሉም፣ አንዱ የረጠበ፤
የክሎሪን ጥራጊ፣ ከበርሜል ግርጌ የተሰበሰበ።
«ዶላሩ ወጣ ሲባል፣ ዋጋው አብሮ ወጣ፤
ጨረታ ያሸነፈው ውል ሊፈርም አልመጣ፤
ደብዳቤ ላክን፣
ለደብዳቤው ደብዳቤ መጣ።»

ስድስት ብርጭቆ ደርድሬ፣ በግራም ስመዝን ዋልኩ፤
ለጎንደር ጥም የሚሆን ቁንጥር ስቀንስ፣ ስጨምር፣ ስቀንስ።
በትንሹ ጥራልኝ ብዬ ለመንኩት ውሃውን፤
እሱ ግን ያውቃል፣ አይረሳም ድርሻውን።

ማታ ማራኪ ስገባ፣ እማማ ደብሬ በራፍ ላይ ጠበቁኝ፤
በጣሳ ቀድተው እያሳዩ መረቁኝ፦
«ያ የበረኪና ሽታ ጠፋለት! ምንጭ ሆነ እኮ ልጄ፤
እጃችሁ ይባረክ።»
ኪሴ ውስጥ ተጨበጠ እጄ።

«አፍልተው ይጠጡ» አልኳቸው፣ ምክንያቱን ሳልናገር።
«በየትኛው ከሰል?» ብለው ሳቁ፣
መቀነታቸውን ጠበቅ እያደረጉ።

ያልገዛነው ጆንያ ዋጋው እዚያ ነበር፣
ከመቀነቱ ጫፍ።
ቋጠሮዋ ግን ትንሽ ናት።